ወርድ ላይ ያቀናበርኩት መጽሐፍ ማተሚያ ቤት ሲደርስ ገጹ ተቀያየረ፤ ላቴክ ልማር ወይስ እዚሁ ልቆይ?

ፔዳ በር ጽሕፈት (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር፣ ፔዳ በር አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት አለኝ። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ የኮፒ ማሽን። የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ እተይባለሁ፣ የማኅበር ደንብ፣ የሠርግ ጥሪ። አልፎ አልፎ መጽሐፍም አቀናብራለሁ። 14 ዓመት ሆነኝ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል። ነገሩ እንቅልፍ ስለነሳኝ ከሥሩ ልንገራችሁ።

ባለፈው ክረምት አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ሦስት ደብተር በፌስታል ጠቅልለው መጡ። ስለ ዘጌ የጻፉት ነው። ስለ ቡናው፣ ስለ ገዳማቱ፣ በደንገል ታንኳ እንጨት ጭነው ወደ ባሕር ዳር ይቀዝፉ ስለነበሩ ሰዎች። አባታቸውም ከእነሱ አንዱ ነበሩ። ሐይቁ ሲነሳ ታንኳውን የት እንደሚያስጠጉ፣ ደንገሉ ውሃ ጠጥቶ ሲከብድ እንዴት ፀሐይ ላይ እንደሚያቆሙት ሁሉ ጽፈዋል። ስተይበው ወደድኩት። ቀን ቀን ደንበኛ ስለሚበዛ ማታ በሬን ገርበብ አድርጌ እሱን እሠራ ነበር።

ኤ5 ላይ 212 ገጽ ወጣው። መጨረሻው ላይ የቦታና የገዳማት ስም ማውጫ አለ። እሱን በእጄ ነው የሠራሁት። ገጽ በገጽ እያገላበጥኩ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት 94፣ አዝዋ ማርያም 101፣ በትረ ማርያም 108 እያልኩ። አራት ሌሊት ፈጀብኝ።

ከዚያ ፋይሉን በፍላሽ አድርጌ ወደ ማተሚያ ቤት ላክሁ። የላክሁት የወርዱን ፋይል ነው። እነሱ ኮምፒውተር ላይ እኔ የተጠቀምኩበት ፎንት አልነበረም። ወርድ ደግሞ ፎንት ሲያጣ አይጮኽም፤ ዝም ብሎ በሌላ ይተካዋል። የተተካው ፎንት ትንሽ ሰፋ ይላል። እዚህ አንድ ቃል ወደ ታች ወረደች፣ እዚያ ሌላዋ ወረደች። መጽሐፉ 219 ገጽ ሆኖ ታተመ። 300 ቅጂ። እኔ ናሙና አልጠየቅሁም፤ እነሱም አልላኩልኝም።

መምህሩ አንዱን ቅጂ ይዘው ሱቄ መጡ። ወንበር ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አደረጉ። ማውጫው ላይ ጣታቸውን አሳርፈው «ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ 94» ብለው አነበቡ። 94ን ገለጡ። ገጹ ላይ ያለው ቡና ለቀማ ነው። ወደ ማውጫው ተመለሱ። «አዝዋ ማርያም፣ 101»። 101ን ገለጡ። እዚያም የለም። አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ ይኼ እኔ የሰጠሁሽ ነው?» ብቻ አሉኝ። ገጽ 87 ላይ ደግሞ አንዲት አራት ነጥብ ብቻዋን አንድ መስመር ይዛ ተቀምጣለች። ቃሉ ላይኛው መስመር ላይ ቀርቷል። ያቺን ነጥብ ሳይ ፊቴ በእፍረት ጋለ።

ሌላም ያልገባኝ ነገር አለ። እኔው ቤት ያሉት ሁለት ኮምፒውተሮች ፎንታቸው አንድ ነው። ያው ፋይል ግን በአንደኛው ገጽ 40 ላይ የሚያልቀው አንቀጽ፣ በሌላኛው አንድ መስመር ወደ 41 ያሳልፋል። ፎንቱ ካለ ይኼ ከየት መጣ?

አሁን ደግሞ የጸሎት መጽሐፍ ተሰጥቶኛል። በግራ ግእዝ፣ በቀኝ አማርኛ፣ ቁጥር በቁጥር ትይዩ። የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም በቀይ። ከ160 ገጽ ይበልጣል። ያ ነገር እንዲደገምብኝ አልፈልግም። የእህቴ ልጅ ፖሊ ነው የሚማረው፤ «አክስቴ፣ ላቴክ ተማሪ፣ እሱ የማሽን ጥገኛ አይደለም» ይለኛል። ጎረቤቴ ያለው ልጅ ደግሞ «ወርድ ውስጥ ሁሉም ነገር አለልሽ፣ ለምን ትደክሚያለሽ?» ይላል። እውነቱን ነው፤ አንድን ስም ቀይ ለማድረግ አንድ ክሊክ ነው። ሠንጠረዥ አለ፣ ዓምድ አለ፣ የገጽ ራስጌ አለ።

የትም ቢከፈት የማይናወጥ ገጽ ለማግኘት እነዚህን ሁሉ ትቼ ልውጣ? ወይስ ሁለቱን አንድ ላይ የሚሰጥ መላ አለ?

ፖሊ ማታ ላብ

እህቴ፣ የእህትሽ ልጅ ልክ ነው። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

ላቴክ ጽሑፍን በትእዛዝ ገጽ አድርጎ የሚያቀናብር ነው፤ የቆመው ቴክ በሚባል ፕሮግራም ላይ ነው። ቴክን የጻፈው የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቁ ዶናልድ ክኑዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ራሱ የጻፈው የአንድ መጽሐፍ ሁለተኛ እትም የሙከራ ገጾች ሲደርሱት አስጠሉት። ማተሚያው ከእርሳስ ብረት ከተሠራ ፊደል፣ ፊደልን በብርሃን ወደሚቀርጽ የፎቶ ማሽን ተዛውሮ ስለነበር የመጀመሪያው እትም መልክ ጠፍቶ ነበር። ያንቺው ታሪክ ነው፤ መሣሪያ ተቀየረ፣ ገጹ ተበላሸ።

ስለዚህ ስሌቱን ከማሽኑ ለየው። ቴክ መስመር ሲከፍል ፕሪንተርሽን አይጠይቅም፤ የራሱ ሒሳብ አለው። አንድ ኢንች 72.27 ነጥብ ነው። ትንሿ መለኪያው የአንድ ነጥብ 65,536ኛ ክፍል ናት። ከብርሃን ሞገድ ርዝመት 100 ጊዜ ያህል ታንሳለች። መስመር የሚከፍልባቸው ቁጥሮች ሁሉ የዚያች መለኪያ ሙሉ ቁጥር ናቸው። ስለዚህ እኛ ላብ ያለው አሮጌ ኮምፒውተርና ዛሬ የተገዛ ላፕቶፕ አንድ መልስ ይሰጣሉ። ገጽ 40 ላይ ያለቀው እዚያም እዚያም 40 ላይ ያልቃል።

ውጤቱ የሚወጣው ዲቪአይ በሚባል ፋይል ነበር። ዴቪድ ፉክስ እ.ኤ.አ. በ1979 ያዘጋጀው ነው። ስሙ ራሱ «ከመሣሪያ ነፃ» ማለት ነው። «ከዚህ ፎንት ይህን ፊደል፣ እዚህ ቦታ አስቀምጥ» እያለ ነው የሚሄደው። አዲስ ፕሪንተር ሲመጣ ያንን የሚያነብ ድራይቨር ለብቻው ይጻፋል። ቴክ አይነካም።

እኔ በጣም የምወደው ይኼን ነው። ክኑዝ ቴክን አዲስ ነገር እንዳይገባበት ዘግቶታል። ስህተት ሲታረም ብቻ የሥሪት ቁጥሩ አንድ አሃዝ ወደ ፓይ ይጠጋል። አሁን 3.141592653 ላይ ነው። በየዓመቱ አዲስ ነገር የሚጨመርበት ፕሮግራም ግን በየዓመቱ ገጽሽን ሊያናውጥ ይችላል።

ለሁለቱ ዓምድ ፓራኮል የሚባል ጥቅል አለ፤ ግእዙና አማርኛው በየቁጥሩ እኩል መስመር ላይ እንዲጀምሩ ያደርጋል። የስም ማውጫውንም ላቴክ ራሱ ይቆጥርልሻል።

ኦፍሴት 27 ዓመት

ልጄ፣ እኔ ማተሚያ ቤት ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት። ልጁ የሚለውን ዲቪአይ በፍላሽ ይዞልኝ የመጣ ሰው በ27 ዓመት አላየሁም። የሚመጣልኝ ወርድ ነው፣ አለዚያ ፒዲኤፍ ነው። ስለዚህ ከእኔ በኩል ያለውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ የሁለቱ ኮምፒውተርሽ ነገር። ወርድ ውስጥ በፕሪንተሩ ልክ ገጹን አቀናብር የሚል ምርጫ አለ። እሱ ከበራ፣ ወርድ የፊደሉን ስፋት የሚወስደው ኮምፒውተሩ ላይ ከተመረጠው ፕሪንተር ነው። በአንዱ ላይ ሌዘር፣ በሌላው ላይ ኢንክጄት ተመርጦ ከሆነ መስመሩ ይለያያል። አዲስ በተከፈተ ፋይል ላይ እንዲህ አይሆንም። አሮጌ ፋይል ላይ ግን ይኖራል። ለኤ5 የምትጠቀሚው ፋይል ከድሮ ጀምሮ እየገለበጥሽ የምትጽፊበት አይደለም? ሊብረኦፊስም ያንኑ ምርጫ ከተኳኋኝነት ማስተካከያው ውስጥ አስቀምጦታል።

ሁለተኛ፣ ማተሚያ ቤት ወርድ አትላኪ። የራስሽ ኮምፒውተር ላይ ፒዲኤፍ አድርጊው። ከዚያ በአክሮባት ክፈቺው፤ ፋይል፣ ፕሮፐርቲስ፣ ፎንትስ። የእያንዳንዱ ፎንት ስም አጠገብ በቅንፍ «ኢምቤድድ ሰብሴት» ማለት አለበት። ይኼ ማለት የተጠቀምሽባቸው ፊደሎች ቅርጽ ፋይሉ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። አንዱ ፎንት ያንን ካላለ አትላኪው። አንዳንድ ፎንት ባለቤቱ እንዳይገባ የከለከለው ይሆናል፤ ያኔ ፎንቱን ቀይሪ።

ሦስተኛ፣ ቀዩ። እዚህ ላይ ማንም ከማሽን ነፃ ነኝ እንዳይልሽ። ወርድ ቀለምን የሚያውቀው እንደ ስክሪን ነው፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን አድርጎ። ኦፍሴት ግን ቀለም ነው የሚቀባው፤ ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ፕሌት፣ ማለትም አንድ የማተሚያ ሰሌዳ። ፋይሉ እንዲሁ ወደ አራት ቀለም ከተለወጠ ቀይሽ ከማጀንታና ከቢጫ ይሠራል። የባሰው ጥቁሩ ነው። ጥቁሩም ከአራቱ ቀለም ተደባልቆ ሊወጣ ይችላል። ፕሌቱ እንደ ፀጉር ቅንጣት ከተንሸራተተ የጽሑፉ ጠርዝ ይደበዝዛል። ለጸሎት መጽሐፍ የሚሻለው ሁለት ፕሌት ነው፤ አንድ ጥቁር፣ አንድ ቀይ። ከመጀመሪያው «ሁለት ቀለም ነው» ብለሽ ተናገሪ። ቀይ ያለበትንና የሌለበትን ገጽ ቆጥረሽ ብትሰጪ ደግሞ ወጪው ይቀንስልሻል፤ ቀይ የሌለበት ፎርም (አብረው የሚታተሙ ገጾች) አንዴ ብቻ ነው ማሽን ውስጥ የሚያልፈው።

ናሙና ሳታዪ አታሳትሚ። ፈርመሽበት ይመለስ።

ሰባታሚት

ፖሊ ማታ ላብ፣ የተናገርከው ሁሉ እውነት ነው፤ የቀረ ግን አለ። ዲቪአይ ነፃ የሆነው ባዶ እጁን ስለሚሄድ ነው። ውስጡ ያለው የፎንቱ ስም ነው፤ የፊደሉ ቅርጽ የለም። ተቀባዩ ኮምፒውተር ያ ፎንት ከሌለው የመስመሩ ቦታ አይናወጥም፣ ፊደሉ ግን አይገኝም። ሥዕል አያውቅም። ቀለም አያውቅም። ለእነዚህ የተተወችው አንዲት ቀዳዳ ናት፤ «ስፔሻል» ትባላለች። በእሷ በኩል ለድራይቨሩ መልእክት ይላካል። ዲቪአይፒኤስ ለሚባለው ድራይቨር የተጻፈውን መልእክት ሌላው ድራይቨር ላይረዳው ይችላል። እንግዲህ አስበው፤ የእህታችን መጽሐፍ በየገጹ ቀይ ስም አለው። የመጀመሪያው ቀይ ስም ሲገባ ፋይሉ የድራይቨር ጥገኛ ሆነ ማለት ነው።

ነገሩ ከቴክም ይቀድማል። ትሮፍ የሚባል የገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ነበር። ጆ ኦሳና ቤል ላብስ በሚባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ውስጥ ሲጽፈው ካት ለምትባል ለአንዲት የፎቶ ማሽን ብቻ ነበር። ካት በአንድ ጊዜ 4 ፎንት ትይዛለች፤ እያንዳንዱ 102 ምልክት። የእኛ ገበታ 33 ጊዜ 7፣ 231 ፊደል ነው። አንድ ፎንት ውስጥ ግማሹም አይገባም። ኦሳና እ.ኤ.አ. በ1977 አረፈ። ከዚያ በኋላ ብራያን ከርኒኻን ፕሮግራሙን አሻሽሎ ከካት አላቀቀው። ከማሽን መላቀቅ ያኔ ትልቅ ነገር ነበር፤ አዲስ ማሽን በተገዛ ቁጥር ፕሮግራሙን እንደገና ከመጻፍ አዳናቸው።

ለእኛ ግን የቀድሞው ቴክም ጠበበን። አንድ ፎንት ከ256 ምልክት በላይ አይዝም። 231 ላይ እነ ቋን፣ ቷን፣ ሟን፣ የግእዝ ቁጥሮቹንና ነጥቦቹን ጨምሩበት፤ ይተርፋል። የምታስታውሱ ታስታውሱ ይሆናል፤ የድሮዎቹ የአማርኛ ፎንቶች በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ነበር የተቀመጡት። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ስትከፍቱት ጽሑፉ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ድርድር ሆኖ ይመጣል። ያ ከገጽ መናወጥ የከፋ ነበር። ግእዝ ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት ሁሉ የጋራ በሆነው የኮምፒውተር መለያ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው።

ዛሬ እህታችን ልትጠቀምበት የምትችለው ዚቴክ የሚባለው አዲሱ የቴክ ዓይነት ነው። ጆናታን ኪው እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው። ዩኒኮድ ያነብባል፣ ኮምፒውተሩ ላይ የተጫነውን ፎንት በቀጥታ ይወስዳል፣ አቢሲኒካም ሆነ ኖቶ። መጨረሻ ላይ ፒዲኤፍ ይሰጣል፤ ፎንቱ ውስጡ ገብቶ። ከእሱ በፊት ሃን ቴ ታን ብርኖ ከተማ ተማሪ ሳለ ፒዲኤፍቴክን ሠርቶ ነበር፤ ፒዲኤፍ ማውጣትን ቴክ ሆድ ውስጥ አስገባው። ንጹሕ የሚባለው ዲቪአይ ያልቻለውን፣ ማለትም ፎንቱን፣ ሥዕሉንና ቀለሙን አንድ ላይ ይዞ መሄድን፣ የቻለው ውስጡ የተሠራው ነገር ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የዚቴክ ምንጭ ፋይልሽን ፎንቱ ለሌለው ሰው ከሰጠሽው እሱም አይሠራም። ልዩነቱ አይደብቅሽም፤ «ፎንቱ የለም» ብሎ ይቆማል።

ስለ ማውጫው ደግሞ፣ እህቴ፣ አትቀየሚኝ። የጎዳሽ ቁጥሩን በእጅ መተየብሽ ነው። ወርድ ውስጥ እያንዳንዱን ስም ለኢንዴክስ ምልክት የምታደርጊበት ነገር አለ። ገጹ ሲቀየር ማውጫው ላይ ቆመሽ ኤፍ9 ስትጫኚ ቁጥሩ ይታደሳል። እዚህ ላይ ጎረቤትሽ ያለው ልጅ ልክ ነው። ውስጡ ያለውን ነገር ብትጠቀሚበት ኖሮ አራት ሌሊትሽ ይተርፍ ነበር።

ፔዳ በር ጽሕፈት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ቀን ዝም ያልኩት ያላችሁትን እየሞከርኩ ስለነበር ነው።

ጋሼ ኦፍሴት፣ እንዴት አወቁት? የኤ5 ፋይሌ የድሮ ነው። ሱቁን የከፈትኩ ጊዜ የሠራሁት ነው፤ ለእያንዳንዱ ሥራ እሱኑ ነው የምገለብጠው። ያሉትን ምርጫ ከፍቼ አየሁት፣ በርቷል። አጠፋሁት። ሁለቱ ኮምፒውተሮች ላይ ጎን ለጎን ከፈትኩ። ገጽ 40 በሁለቱም በአንድ ቃል አለቀ። ያን ሁሉ ዓመት ስንት የተማሪ ጽሑፍ በዚህ ተናውጦብኝ ይሆን!

ከዚያ የመምህሩን መጽሐፍ ፒዲኤፍ አደረግሁት። ፎንቶቹን አየሁ። ሁሉም «ኢምቤድድ ሰብሴት» ይላል። በሁለቱ ኮምፒውተሮች፣ በስልኬ፣ በእህቴ ልጅ ላፕቶፕም ተከፈተ። በአራቱም 212 ገጽ። ኡራ ኪዳነ ምሕረት 94 ላይ አለች።

ያቺ ብቻዋን የተቀመጠች አራት ነጥብም ምክንያቷ ተገኘ። እኔ ነኝ። ቃሉን ጽፌ፣ ስፔስ መትቼ፣ ከዚያ ነው አራት ነጥብ የማደርገው። ድሮ መተየብ ስማር እንዲያ ነው ያስተማሩኝ። ኮምፒውተሩ ስፔሱን ሲያይ «እዚህ ላይ መስመር መክፈል ይቻላል» ይላል። መስመሩ ሲሞላ ነጥቧ ብቻዋን ትወርዳለች። ፈልጎ መተካት ውስጥ ገብቼ፣ ስፔስና አራት ነጥብ ያለበትን በአራት ነጥብ ብቻ ተካሁት። 638 ቦታ። ለነጠላ ሰረዝም እንዲሁ አደረግሁ። አንዳንድ ቦታ ደግሞ በአራት ነጥብ ፈንታ ሁለት ኮለን ተመትቶ አገኘሁ፤ እሱንም አስተካከልኩ።

ሰባታሚት ወንድሜ፣ አልተቀየምኩም። ስለ ኢንዴክሱ ያልከው ልቤን ቢነካውም እውነት ነው። ስታስረዳ ግን የመምህሩ ደብተር ትዝ አለኝ። ከዘጌ በታንኳ የሚነሳ ሰው ስንቁን ይይዛል ይላሉ። ነፋስ ካገኘው የት እንደሚያድር አያውቅማ። ያ ዲቪአይ የተባለው «የምደርስበት ቤት እንጀራ አይታጣም» ብሎ ባዶ እጁን የወጣ ነው። ፒዲኤፉ ስንቁን በአገልግል ይዟል። የኔው የወርድ ፋይል ደግሞ ስንቅ ሳይዝ ማንንም የማያውቅበት አገር ገባ።

አሁን የቀረኝ ጭንቀት የታተመው 300 ቅጂ ነው። እንደገና ላሳትመው አቅም የለኝም፤ መምህሩም የጡረታ ገንዘባቸውን ነው ያወጡበት። ምን ላድርግ?

ኦፍሴት 27 ዓመት

መጽሐፉን አትጣዪው። የታተመው 219 ገጽ ነው፣ ጽሑፉ ሙሉ ነው፣ የጠፋው ቁጥሩ ነው። አንዱን የታተመ ቅጂ ፊትሽ አስቀምጪ። የስም ማውጫውንና የይዘቱን ማውጫ በእሱ ገጽ ልክ አዲስ ሥሪ። ስንት ገጽ ይሆናል? ስምንት ብትሆን ነው። ያንን ብቻ በተመሳሳይ ወረቀት አሳትሚ። አሮጌው ማውጫ ስፌቱ አጠገብ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል እየተረፈ ይቆረጥና፣ አዲሱ በዚያ ትርፍ ላይ ይለጠፋል። እኛ ቤት ብዙ ጊዜ ሠርተነዋል። በደንብ ከተለጠፈ አይታወቅም። ሙጫውን በቀጭኑ ቀቢው፣ ከዚያ ከባድ ነገር ጭነሽ አሳድሪው።

ፖሊ ማታ ላብ

ሰባታሚት፣ ስለ ስፔሻል ያልከውን ተቀብያለሁ። ቀለም ያለው ዲቪአይ ሠርቼ ስለማላውቅ አላሰብኩትም ነበር። ስለ ቴክ መዘጋት ያልኩትን ግን አልተውም። ፒዲኤፍ የደረቀ ነገር ነው። እህታችን ከአሥር ዓመት በኋላ ሁለተኛ እትም አሳትሚ ብትባል፣ ፒዲኤፉ ውስጥ አንድ ቃል ማረም መከራ ነው። ያኔ የሚያስፈልጋት ምንጩ ነው፤ ያውም ያኔም አንድ ዓይነት መስመር የሚሰጥ ምንጭ። የቴክ ምንጭ ተራ ጽሑፍ ነው፤ በማንኛውም ነገር ይከፈታል። እህቴ፣ ምንጩን፣ የፎንቱን ፋይልና ፒዲኤፉን አንድ ፎልደር ውስጥ አድርገሽ ሁለት ቦታ አስቀምጪ። ወርድም ብትጠቀሚ ይኼን አድርጊ።

ፔዳ በር ጽሕፈት

ጋሼ፣ እንዳሉት አደረግሁ። ስምንት ሳይሆን ስድስት ገጽ ሆነ። ስሞቹን በወርዱ ምልክት አደረግኋቸውና ወርድ ራሱ ቆጠራቸው። ከታተመው ጋር እንዲገጥም ፋይሉን በእነሱ ፎንት አድርጌ 219 አመጣሁት፤ ከዚያ እያንዳንዱን ቁጥር ከመጽሐፉ ጋር አመሳከርኩ። ሁለት ቦታ ብቻ አንድ አንድ ገጽ ተዛንፎ ነበር፤ እሱን በእጅ አስተካከልኩ። 300ውን እኔ፣ እህቴና ልጇ ቅዳሜና እሑድ ተቀምጠን ለጠፍን። የኮፒ ወረቀት ካርቶን ጭነንበት አደረ።

ሰኞ መምህሩን ጠራኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። «ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ 97» አሉ። ገለጡ። ጣታቸው እዚያው ገጹ ላይ ቆየ። ከዚያ ቁጭ ብለው የገዛ መጽሐፋቸውን ማንበብ ጀመሩ፤ ቡና አፍልቼ እስክጨርስ አላቋረጡም።

የጸሎቱን መጽሐፍ የወሰንኩት እንዲህ ነው። ቀኑ ቅርብ ስለሆነ በወርድ እሠራዋለሁ፤ ግእዙና አማርኛው መስመር በሌለው ባለ ሁለት ዓምድ ሠንጠረዥ፣ ፎንቱ አቢሲኒካ፣ የሚወጣው ፒዲኤፍ። የመጀመሪያውን 16 ገጽ ግን የእህቴ ልጅ በዚቴክ እየሠራልኝ ነው፤ አጠገቡ ቁጭ ብዬ እያየሁ ነው። ትናንት ማታ አንድ ገጽ አወጣ። ግእዙ አጭር ሲሆን አማርኛው ሲረዝም ቁጥሩ እኩል ይጀምራል፤ የኔ ሠንጠረዥም ያንን ያደርጋል። የሱ ግን የቃላቱ ክፍተት ከላይ እስከ ታች እኩል ነው። የኔው ላይ አንዳንዱ መስመር ጥርሱ የወለቀ ይመስላል። ሁለቱን አትሜ ጠረጴዛዬ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጫቸዋለሁ፤ ደንበኛ ሲመጣ እጠይቃለሁ። እስካሁን አምስት ሰው ጠየቅሁ፣ አምስቱም የሱን አነሱ።

ጋሼ፣ ቀይ ያለባቸውን ገጾች እየቆጠርኩ ነው። 70 ደርሻለሁ። የቀረውን ነገ ጨርሼ እዚሁ እጽፍልዎታለሁ።